በሺአን ከተማ እንግዳ ሆነን የተማርነው

እንግዳ መቀበልን ከልጅነታችን ጀምሮ በየቤታችን ተምረነዋል፤ እንግዳ መሆንን ግን ያስተማረን የለም። ይህን ጕድለታችንን የተረዳነው በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋራ ወደ ቻይና ተጕዘን ሺአን በምትባለው ከተማ ጥቂት ቀን በሰነበትን ጊዜ ነው።

ሺአን ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ታላቅ ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ስሟ ቻንግአን ነበረ፤ የታንግ ነገሥታትም መናገሻቸው አድርገዋት ነበር። አሮጌውን ከተማ የሚከበው ቅጥር ቁመቱ 12 ሜትር፣ ዙሪያውም 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጐብኚው በላዩ በእግሩ ወይም በኪራይ ብስክሌት ሊዞርበት ይችላል። ነገር ግን ቅጥሩን ማየት ሕዝቡን ማወቅ አይደለም።

በመጀመሪያው ማለዳ ከከተማው መናፈሻዎች ወደ አንዱ ገባን። አረጋውያን ተሰልፈው ታይቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ይሠራሉ። አንድ ሽማግሌም ረጅም ብሩሽ ውሃ እየነከሩ በመሬቱ ንጣፍ ላይ ፊደል ይጽፋሉ። እኛም ሰላምታ ሳንሰጥና ሳናስፈቅድ ካሜራችንን በፊታቸው ደቀንን። ሽማግሌው ብሩሻቸውን አነሡና ጀርባቸውን ሰጡን። አልተቈጡም፤ ዝምታቸው ግን ከቍጣ ይልቅ ከበደን። በዚያች ሰዓት የጥምቀት በዓል ትዝ አለን። ካህናቱ በታቦቱ ፊት ሲያሸበሽቡ ካሜራውን በፊታቸው የሚደቅነውን የውጭ አገር ሰው ስንት ጊዜ በልባችን ነቅፈነዋል! እነሆ፣ የነቀፍነውን እኛው ሠራነው።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን በማረፊያችን ትተን መውጣት ጀመርን፤ ሰላምታም ተማርን። ቻይናዎች ለእኩያቸው «ኒ ሃው» ይላሉ፤ ለሽማግሌና ለሚያከብሩት ሰው ግን «ኒን ሃው» ይላሉ። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ብለን እንደምንለይ ማለት ነው። ሻይ ሲያቀርቡም ሆነ ዕቃ ሲያቀብሉ በሁለት እጅ መቀበል ጨዋነት ነው። መብያውን እንጨት ሩዝ ላይ ተክሎ መተው ግን ነውር ነው፤ ለሙታን የሚተከለውን የዕጣን እንጨት ይመስላልና።

የከበሮ ግንብ ከሚባለው አሮጌ ሕንጻ አጠገብ የሁዊ ሙስሊሞች ሰፈር አለ። በዚያ ያንግሮ ፓኦሞ የሚባል የበግ ሾርባ ይቀርባል። ተመጋቢው ደረቅ ቂጣ ይሰጠውና በገዛ እጁ ቈርሶ ያደቅቀዋል፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ወስዶ ከመረቁና ከሥጋው ጋራ አብስሎ ይመልስለታል። እኛ ፍልሰታን ስለ ጾምን አልቀመስንም፤ ሙስሊሙ ባልደረባችን ግን አዘዘ። ርቦት ኖሮ ቂጣውን በችኰላ እየገመሰ ጣለው። በአጠገባችን የተቀመጡ እናት ይህን አይተው ሣቁ፤ አንዱን ቍራሽ አንሥተውም የሽንብራ ፍሬ እስኪያህል ድረስ አድቅቀው አሳዩት። እኛም ፍትፍት የለመደ እጃችንን አዋስነው። አንድ ቃል እንኳ ሳንግባባ ሦስታችን አብረን ቈረስን። ለጾመኛ ደግሞ ልያንግፒ የሚባል፣ ከሩዝ ወይም ከስንዴ የሚሠራ፣ በኰምጣጤና በበርበሬ ዘይት ቀዝቅዞ የሚበላ ምግብ አለ። ሥጋ የሌለበትን ምግብ «ሱ» ይሉታል፤ እንቍላል እንዳይኖርበት ግን ለይቶ መጠየቅ ይገባል።

በቤይሊን የድንጋይ ጽሑፎች ቤተ መዘክርም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ781 ዓ.ም. የቆመ ሐውልት አየን። በራሱ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል፤ ቃሉ በቻይና ፊደል፣ የካህናቱም ስም በሱርስት ተጽፎበታል። አሎፔን የሚባል መምህር በ635 ዓ.ም. መጻሕፍት ይዞ ቻንግአን እንደ ደረሰ፣ ንጉሡም መጻሕፍቱን አስተርጕሞ እንደ መረመረ ይናገራል። እነዚያ ሰዎች የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ከምትባለው፣ በሃይማኖት ከእኛ ከተለየችው ወገን ነበሩ። ቢሆንም በእንግድነታቸው አስተማሩን፤ የአገሩን ልሳን አጥንተው በአገሩ ፊደል ተናገሩ እንጂ ቆመው ለማየት ብቻ አልመጡምና።

በመጨረሻው ማለዳ ወደ መናፈሻው ተመለስን። ሽማግሌው በቦታቸው ነበሩ። ባዶ እጃችንን ቀርበን፣ ዝቅ ብለን «ኒን ሃው» አልናቸው። ጥቂት ተመለከቱንና ብሩሹን ዘረጉልን። በሁለት እጃችን ተቀብለን በራሳችን ፊደል «ሰላም» ብለን ጻፍን። እርሳቸውም ዙሪያውን እየዞሩ መረመሩት፤ ብሩሹንም ተቀብለው ከሥሩ ይገለብጡ ጀመር። ሁለተኛውን ፊደል ሳይጨርሱ የኛ ጽሑፍ በፀሐይ ደረቀና ጠፋ፤ ድጋሚ እንድንጽፍላቸው በእጃቸው ጠቈሙን።

ስለዚህ ወደ ሩቅ አገር የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከማየታችሁ አስቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በማዕድም አትቸኵሉ። ልጆቻችንንም እንግዳ መቀበልን ስናስተምራቸው እንግዳ መሆንን ጨምረን እናስተምራቸው።