በክራውንስቪል ጫካ የዋልንበት ቅዳሜ



በምንኖርበት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከአናፖሊስ ከተማ አጠገብ፣ ክራውንስቪል በምትባል ሥፍራ በየዓመቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ የሚካሄድ ትልቅ ትርዒት አለ። የሬኔሳንስ ፌስቲቫል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1977 ተጀምሮ በ1985 አሁን ወዳለበት ጫካ ተዛወረ። እኛ በእነዚሁ ቀናት መድረሳ ስለምናስተምር ስሙን ከመስማት በቀር አይተነው አናውቅም ነበር። መድረሳው በተዘጋበት አንድ ቅዳሜ ግን ባልና ሚስት የ11 ዓመት ልጃችንን ይዘን ሄድን።

እውነቱን ለመናገር የሄድነው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። ልጃችን አዲስ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ በሒጃቧ ምክንያት «ሰው ሁሉ ያፈጥብኛል» እያለች ከቤት መውጣት ጠልታለች። ልንቆጣት አልወደድንም፤ ዝም ብለን መተውም ከበደን።

በሩን አልፈን ስንገባ ራሳችንን በእንግሊዝ መንደር ውስጥ አገኘነው። ዘመኑ ከ1509 እስከ 1547 የገዛው የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። ንጉሡን ሆኖ የሚጫወተው ሰው አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲያልፍ ሕዝቡ እጅ ይነሣል። አንጥረኛው ብረት ይቀጠቅጣል። ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች ረጃጅም የእንጨት ጦር ይዘው ሲጋጠሙ የአገራችንን ጉግስ አስታወሱን። ይህ የፈረስ ውድድር ከ1962 ጀምሮ የሜሪላንድ ይፋዊ ስፖርት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሰው ሁሉ በእጁ ይዞ የሚግጠውን የተርኪ ቅልጥም ግን አስተራረዱን ስለማናውቅ አለፍነው።

ከሁሉ ያስገረመን የሴቶቹ አለባበስ ነው። ሁሉም የጨዋ አለባበስ ነበር አንልም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍኑ ስለነበር ብዙዎቹ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመዋል። በዚያ መካከል እናትና ልጅን ዞር ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። አንዲት ሸክላ ሻጭ ብቻ ልጃችንን ጠርታ፣ «እመቤቴ፣ ሻርፕሽ እንዴት ያምራል! ከየት ገዛሽው?» አለቻት።

ልጃችን ደንገጥ ብላ፣ «እናቴ ናት የሰፋችልኝ። ሁልጊዜ የምለብሰው ነው» ስትል መለሰች።

ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያው አስመሳይዋ እኔ ነኛ!» ብላ ከልቧ ሳቀች። ልጃችንም ሳቀች።

ከዛፍ ሥር አረፍ ስንል የሄንሪን የመጀመሪያ ሚስት የካትሪንን ታሪክ ነገርናት። ካትሪን የስፔን ልጅ ናት። በ1492 ግራናዳን ከሙስሊሞች እጅ የወሰዱት ወላጆቿ ናቸው። ሙስሊሞች በሠሩት በአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ኖራ በ1501 ወደ እንግሊዝ ጉዞ ጀመረች። በሥዕሎቿ ላይ ፀጉሯ የቤት ጣሪያ በሚመስል መሸፈኛ ተከድኖ ይታያል። ልጃችን አዳምጣ ስታበቃ፣ «አባ፣ ንግሥቲቱም ትሸፈን ነበር ማለት ነው?» አለች። «የሷ የዘመኗ ወግ ነበር፤ ያንቺ ግን ለአላህ ብለሽ የምታደርጊው ነው» አልናት።

ማምሻውን መኪና ማቆሚያው ጋ ሴቶቹ የጠመጠሙትን እየፈቱ ከመኪናቸው ኋላ ሲያስቀምጡ ቆማ አየቻቸው። ምንም አልተናገረችም። የራሷን ሻርፕ አስተካክላ ገባች።

ችግሩ በአንድ ቀን ተፈታ አንልም፤ ትምህርት ቤቱም ያው ነው፣ ልጆቹም ያው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ግን «አሞኛል» ሳትል ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አልሐምዱሊላህ።

ወላጆች ሆይ! ልጅ የሚጸናው በቁጣ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ እጁን ይዞ መውጣት፣ የሌላውን ታሪክ ከራሱ ታሪክ ጋር አስተያይቶ ማሳየት ይበልጣል። በሚቀጥለው ዓመት የመድረሳ ተማሪዎቻችንን ይዘን እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።