እጅዎን ይዘርጉ፣ አባባ

ራስ መኮንን ድልድይ ላይ እንገናኝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ጉባኤው ከሚካሄድበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ብንገናኝ ጊዜ እናተርፋለን ብዬ ነበር። «እዚያ ማን ያውቀኛል? ድልድዩ ጋ ጠብቀኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ በብብታቸው ሥር ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ይዘዋል። ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የመጡት።

ጋሼ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረቻቸው። ልጅ ሆኜ የአባቴን ሰዓት ይዤ የምላከው ወደዚያች ሱቅ ነው። አንድ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ሲያነሱ ትንፋሼን እይዝ ነበር። «እንዳታስነጥስ፤ ከበረረች ወንዝ ነው የምትገባው» ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ሱቋ ከነጎረቤቶቿ ፈረሰች። ድልድዩ አለ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፤ ያማረውን አላማረም ብዬ አልከራከርም። ጋሼ ግን ሱቃቸው የነበረችበትን ቦታ በእርምጃ ቆጥረው ካላረጋገጡ በዚያ አያልፉም። የዚያን ዕለት ጠዋትም ቆጠሩ።

የተጠሩት ስለ አሮጌ ሰፈሮችና ስለ እጅ ሙያ ወደሚመክር ጉባኤ ነው። ስማቸውን ለአዘጋጆቹ የሰጠሁት እኔ ነኝ። 15 ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ደብዳቤ ሲደርሳቸው አጥፈው በደረት ኪሳቸው አኖሩት። ንግግር አልጻፉም፤ «አንድ የቆመ ሰዓት እዚያው ፊታቸው አስነሣለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ይባላል?» አሉኝ። ቦርሳው ውስጥ ያለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ወረንጦዎች፣ ካቻቢቴዎች፣ አጉሊ መነጽር፣ ብሩሽና የቆመው ሰዓት።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ባልጠራው የሚጎድል ነገር የለም። በሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወንድ በቀኝ፣ ሴት በግራ ወደ መጋረጃው። ፍላሽ፣ ላፕቶፕ፣ ስለት ነገር ያለው ቀድሞ ይናገር። ውኃ የያዘ ሰው ከራሱ ኮዳ ይጎነጭና ውኃነቱን ያስመሰክራል። ከፊታችን የነበረ ፎቶ አንሺ ካሜራው ካሜራ መሆኑን እንዲያሳይ ታዝዞ የገዛ ጫማውን ፎቶ አነሳ። ሰልፉ አርባ ሰው ያህል ይሆናል፤ ፀሐዩም መክረር ጀምሯል።

ሰልፍ መቼም ሰውን ያሳስበዋል። ድሮ የመኳንንቱንና የቤተ መንግሥቱን ደጅ የሚጠብቁት አጋፋሪውና እልፍኝ አስከልካዩ ነበሩ። ጥያቄያቸው «ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ? በምን ጉዳይ መጣህ?» ነው። ባለጉዳዩም ሸማውን ከትከሻው አውርዶ፣ ወገቡ ላይ አሥሮ፣ አደግድጎ ይቀርባል። አክብሮት ነው ይባላል፣ ነውም። እኔ ሳስበው ግን ፍተሻም ሳይኖርበት አይቀርም፤ ያደገደገ ሰው ሁለት እጁ ከነክንዱ ይታያላ! ደጅ ጥናቱ ወር ይፍጅ ዓመት፣ በር ላይ የቆመው ሰው መጨረሻ ላይ ስምህንና ዘርህን፣ በደልህንም ጭምር አውቆ ነው የሚያስገባህ። የዛሬው በር ማን ነህ አይልም። ምን ይዘሃል ነው የሚለው።

ፍተሻ ለምኔ የምል ሰው እንዳልመስል። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ወደ ከተማ ሲገቡ ተኩስ ተከፈተባቸው፤ ጥይት የማይበሳው መኪናቸው አትርፏቸው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለሱ። ያን ቀን የሚያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው፣ ስብሰባ በመጣ ቁጥር መንገድ ሲዘጋበት ቢያማርርም ለምን አይልም። ነገር ግን ከዚያ የቀደመ ሌላ ቀንም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ምጽዋት ሊሰጥ ድሃውን ሰብስቦ ሳለ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። አብርሃ ጣልያኖቹ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ፣ ፊቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። ለእኛ ሁለቱም ጀግኖቻችን ናቸው። በር ለሚጠብቅ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚታወቅ ፊት አይፈተሽማ። ይህን ሳስብ መስታወታቸው የጠቆረ ሁለት መኪኖች ደረሱ፤ እንጨቱ ተነሣ፣ ገቡ። ከሰልፉ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

የጋሼ ተራ ደረሰ። ማሽኑ ጮኸ።

«ቀበቶዎን ያውልቁ፣ አባባ።» አወለቁ። ጮኸ። የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱ። ጮኸ። «እጅዎን ይዘርጉ፣ አባባ።» እንደ መስቀል ዘረጉ። ልጁ በእጅ የሚያዘውን መመርመሪያ ከብብታቸው ጀምሮ ወደ ታች አወረደው፤ ቀኝ ጭናቸው ላይ ሲደርስ ጮኸ።

«ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው።»

«ይጮኻል እኮ።»

«እሱ ከኔ ጋር የኖረ ነው። ፍንጣሪ ነው፣ የካራማራ።»

«የምን?»

«የካራማራ፣ የ70ው።»

ልጁ ዕድሜው 22 ቢሆን ነው። ጋሼ በ1969 ዓ.ም. ሰዓት ቤቱን ለጌታቸው ትተው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሚሊሺያ ሆነው ሲሠለጥኑ በዚሁ ዕድሜ ነበሩ። ልጁ መመርመሪያውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እንደገና መመርመሪያውን አየ። «ወረቀት አለዎት?» አላቸው።

ፍንጣሪ ወረቀት ይኖረዋል? ልጁን አልፈርድበትም። የሚጮኸውን እንዳያስገባ ነው የታዘዘው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠየቀው እሱ ነው። ካራማራ በትእዛዙ ውስጥ የለችም።

ስለዚህ መመርመሪያ አንብቤ የማልረሳው ታሪክ አለ። በፈረንጆች 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ጥይቷ ከሰውነታቸው ውስጥ ጠፋች። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ ሠርቶ ቁስለኛው አልጋ ድረስ ይዞ ሄደ። ሐኪሙ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብሎ በግራ እንዳይፈልግ አገደው፤ የፍራሹ ሽቦም መሣሪያውን አሳሳተው። ጥይቷ አልተገኘችም፣ ሰውየውም ሞቱ። ለነገሩ መሣሪያው ቁስለኛን ለማዳን የታሰበ ነበር። የጋሼን ብረት ግን በሁለት ሴኮንድ አገኘው። ቤል ቢያይ ደስ ባለው።

«ሱሪዬን ላውርድልህ?» አሉ ጋሼ። አልተቆጡም፤ ቀበቶው አስቀድሞ ወልቋልና ሱሪያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ነው የጠየቁት። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ጸጥ አለ። እኔም ዝም አልኩ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ አፍ ነበረኝ፣ ግን ዝም አልኩ። ደግነቱ አለቃ የሚመስል ሰው ከውስጥ ወጥቶ «አባባ ይለፉ» አለ።

ቦርሳው ግን አላለፈም። ወረንጦ ሹል ነው፣ ካቻቢቴም ሹል ነው። ደብዳቤውን አሳየሁ፣ ለጉባኤው ሥራ እንደሆነ አስረዳሁ። «ወንድም፣ ሲወጡ ይወስዳሉ» ተባልኩና ቁጥር ሰጡኝ፤ 31።

አዳራሹ ስንገባ ተራቸው አልፏል። መድረክ መሪው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ከሻይ በፊት ሦስት ደቂቃ ሰጣቸው። ጋሼ ማይክራፎኑ ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን አዩ። ምን እንደሚያደርጉባቸው የጠፋቸው መሰሉ። «መሣሪያዬ በር ላይ ታስሯል» አሉ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበም። «አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተነሣው ተናጋሪ ስለ እጅ ሙያ ጥበቃ በሥዕል የታገዘ ረጅም ማብራሪያ አቀረበ፤ ጥሩ ነበር መሰለኝ፣ አላዳመጥኩትም።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ስንወጣ ጠባቂዎቹ ተቀይረዋል። ቁጥሬን ሰጥቼ ቦርሳውን ተቀበልኩ። ጋሼ ግን እዚያ አልከፈቱትም። ታክሲው ፒያሳ ሲያወርደን ዳገቱን ቁልቁል ይዘው ድልድዩ ላይ ደረሱ፤ ደገፉ ላይ መሐረባቸውን ዘርግተው መሣሪያዎቻቸውን አንድ በአንድ ደረደሩ። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«አንድ ወረንጦ የለም» አሉ። «ቀጭኗ።»

«ነገ ጠዋት ሄደን እንጠይቃለን፣ ጋሼ።»

የቀሩትን ወደ ቦርሳው መለሱ፣ መሐረቡን አጠፉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለመግባት መልሰው ይፈትሹኛል?»

«ይፈትሹዎታል።»

«እንግዲያስ ትቅር።» ወደ ታክሲው ተራ አቅጣጫ አንድ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙና ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ያን የቆመውን ሰዓት አውጥተው ሰጡኝ። «አንተ ጋ ይቆይ» አሉ። «ወረንጦ ሳገኝ እሠራዋለሁ።»