የመጀመሪያዋ ካሜራ



ሰሞኑን እዚሁ ሀና ማርያም፣ ከጀመዓችን አንድ ወጣት ከዐስር ሶላት በኋላ ጠብቆን «ኡስታዝ፣ ፎቶ ማንሳት ልጀምር ነው፤ ትልቁን ካሜራ በብድር ልግዛው?» አለን። ብድሩ ወለድ አለበት። እሱን በአንድ ቃል ዘጋነው። (በፎቶ ሑክም ላይ በዑለማዎች መካከል ኺላፍ እንዳለ እናውቃለን፤ የዛሬው ወሬያችን ግን እሱ አይደለም።) ስለ ካሜራው የራሳችንን ጥፋት ነገርነው።

ከዓመታት በፊት ያለንን ብር በሙሉ ካሜራው ላይ ጨረስነው። ሌንሱ አብሮት የመጣው ነበር። ከመግሪብ በኋላ በደካማ አምፖል አንድ ኒካህ አነሳን። የልጅቷ አባት የሙሽራውን እጅ ጨብጠው የዳሩበት ፎቶ ድብዝዝ ብሎ ወጣ። ሰውየው በዓመቱ ወደ አኼራ ሄዱ። ልጅቷ ዛሬም ስታገኘን «ሌላ የለም ወይ?» ትለናለች።

የጎደለው ብርሃን ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ስለሚገባ ብርሃን መርምሮ ጽፏል፤ እኛ ኪታብ ቤት ያደግን ሰዎች ይሄን ማወቅ ነበረብን። («ካሜራ» ከዐረብኛ የመጣ ነው የሚሉ ወንድሞች ግን ተሳስተዋል፤ የላቲን ቃል ነው፣ ክፍል ማለት ነው።)

አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲያቀርቡበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ አስር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ ከሌንሶች መካከልም ርካሽ ከሚባሉት ነው። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ያሸሽሃል።

ስለዚህ ያገለገለ ካሜራ ግዛ፣ የተረፈውን ሌንስ ላይ አውል አልነው። በፈረንጆቹ 2018 የወጡት ኒኮን ዲ3500 እና ካኖን 2000ዲ 24 ሜጋፒክስል ናቸው፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ። ሁለቱም የውጭ ማይክ መሰኪያ የላቸውም፤ ሙሐደራ ለመቅረጽ ያሰበ ሌላ ይፈልግ። ካኖኑ ላይ ደግሞ የሌላ ድርጅት ርካሽ ፍላሽ ስለማይበራ፣ ከመክፈልህ በፊት ሰክተህ ሞክር። ስንት ጊዜ እንዳነሳም ጠይቅ፤ የዲ3500 መዝጊያ የተፈተነው ለ100,000 ጊዜ ነው።

ልጁ ዕቁቡ እስኪደርሰው የእኛን አሮጌ ካሜራ ወስዷል። ቻርጀሩን ግን ረስቶታል፤ ይሄን ካነበበ ከዒሻ በኋላ ይምጣና ይውሰድ።