«ወይስ» ያልኩበት ማለዳ

ኡራን በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ በኩል፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ የሆነች ትንሽ ከተማ ናት። በገበያዋ ቦረንኛ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ ስላደረገ፣ በመሥሪያ ቤት የሚሰሙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አማርኛ የምንናገር ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ከድንበር ማዶ የመጣና ከአማርኛ በቀር የማያውቅ ሰው ሲቸገር አስተርጓሚ ሆኜ እጠራለሁ። በችሎታዬም እተማመን ነበር። ይህ መተማመኔ በአንድ ማለዳ ሦስት ፊደል ባላት ቃል ተሰበረ።

አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ ክሊኒክ መጣች። የጤና ባለሙያው በእንግሊዝኛ «ትኩሳት ‹ኦር› ማስመለስ አለው?» ሲል ጠየቀ። እኔም ሳላመነታ «ልጄ፣ ሕፃኑ ያለበት ትኩሳት ነው ወይስ ማስመለስ?» አልኳት።

«ትኩሳት ነው አባቴ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃጠል አደረ» አለች።

«ትኩሳት» ብዬ መለስኩ። ተጻፈ፤ የሚዋጥ መድኃኒትም ተሰጣት።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች። ሕፃኑ መድኃኒቱን በዋጠ ቁጥር አስመልሶታል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። «ትናንትም ያስመልሰው ነበር እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «አዎን፤ እርስዎ ግን ከሁለቱ አንዱን ጠየቁኝ፤ እኔም የባሰውን ነገርኩዎ» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የዋጠውን ሁሉ የሚያስመልስን ሕፃን ከአደጋ ምልክቶች ይቆጥረዋል። ሕክምናው ወዲያው ወደ መርፌ ተለወጠ፤ ልጁም ከቀናት በኋላ ዳነ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውድ አንባቢ፣ የእንግሊዝኛው «ኦር» ብዙ ጭነት የተሸከመ ቃል ነው። «ሻይ ኦር ቡና?» ሲባል የተናጋሪው ድምፅ በመጨረሻው ላይ ከወረደ አንዱን ምረጥ ማለት ነው፤ ይህ የእኛ «ወይስ» ነው። ድምፁ ከፍ እንዳለ ከቀረ ግን «ከእነዚህ የምትፈልገው አለ?» ማለት ነው፤ መልሱም አዎን ወይም የለም ይሆናል። ይህ «ወይም» ነው። «ፍጠን፣ ኦር ትዘገያለህ» ሲባል ደግሞ «አለዚያ» ይሆናል። ከአሉታ ጋር ሲመጣ ሁለቱንም ያስቀራል፤ «ሥጋ ኦር ወተት አልወስድም» ያለ ሰው በእኛ አነጋገር «ሥጋም ወተትም አልወስድም» ማለቱ ነው። አንዳንዴም ለአንድ ነገር ሁለተኛ ስም ሲያስከትል «ማለትም» ልንለው ይገባል።

አማርኛችን ለዚህ ሁሉ የየራሱን ቃል አበጅቷል። «ወይም» እና «ወይስ» ሁለቱም «ወይ» ከሚለው ይነሣሉ። «ም» «እኔም» እንደምንለው ትጨምራለች፤ «ስ» ደግሞ «አንተስ?» እንደምንለው አንዱን ከሌላው ለይታ ትጠይቃለች። የጎረቤቶቻችን ኦሮምኛም በጥያቄ ለማማረጥ «ሞ» የሚል ቃል አለው። ሩቅ ያሉት ፊንላንዳውያን በምርጫ ጥያቄ «ቫይ»፣ በሌላው «ታይ» ይላሉ። የጥንት ሮማውያንም «ቬል» እና «አውት» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሯቸው። ዛሬ የሎጂክ ሊቃውንት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉበትን «ወይም» የሚጽፉበት ምልክት የተወሰደው ከ«ቬል» የመጀመሪያ ፊደል ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የእንግሊዝኛም የአማርኛም አልነበረም። እንግሊዝኛው ክፍት የተወውን በር እኔ በአማርኛ ዘጋሁት። ባለሙያው ስለ ሁለቱም ጠይቆ ነበር፤ እናቲቱ ግን ሁለቱም ሊኖሩ እንደሚችሉ የምትናገርበትን ቦታ ነሣኋት። ታላቅ ሰው የጠየቀውን ጥያቄ «እንዲህ አይባልም» ብሎ ማረም በባህላችን ለወጣት ቀላል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ «ኦር» በሰማሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። «ወይም» ብዬ ብተረጉመው እንኳ «አዎን» የሚለው መልስ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። «ልጄ፣ ትኩሳት አለው?» እላለሁ። መልሱን ሰምቼ፣ «ማስመለስስ?» ብዬ እጨምራለሁ። ያቺው ያሳሳተችኝ «ስ» ናት፤ አሁን ግን ሁለተኛውን በር ትከፍትልኛለች።