ጨውን ድንጋይ ማድረግ

የሁሩታ ልጆች የሆንን ጥቂት ተማሪዎች በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለመስቀል በዓል ከአዳማ ተነሥተን፣ ዴራን አልፈን ወደ ወላጆቻችን ዘንድ ሄደን ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥታችን ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር፣ የአቶም ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የተግባር ዕቅድ በሞስኮ መፈራረሙ ተነገረ። እኛም ቡና ላይ ተሰብስበን ስለሚመጣው መብራትና ስለሚከፈቱት ፋብሪካዎች ስንለፈልፍ፣ ቡናውን የሚያፈሉልን የአንዳችን እናት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ የዚህ እሳት አመዱ የት ነው የሚደፋው?» ሲሉ ጠየቁን።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተብለን መልስ አጣን። ስለዚህ ከበዓሉ ስንመለስ መጻሕፍት አገላበጥን፤ ያገኘነውንም ለእናንተ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ማካፈል ወደድን።

የአቶም እሳት አመዱ ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ጨው የሆነው ነው። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ኢ.ቢ.አር. ሁለት የሚባል የአቶም ምድጃ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1994 ሠርቷል። ከዚያ የወጣውን ነዳጅ መልሶ ለማጣራት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የያዙት ዘዴ እንዲህ ነው። ሊቲየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባሉ ሁለት ጨዎች በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም አብረው ይቀልጣሉ። ነዳጁ ተቆራርጦ በቅርጫት ይነከርባቸዋል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ዩራኒየሙ ተለይቶ በብረት ዘንግ ላይ ይለጠፋል፤ ሲዝየም፣ ስትሮንሺየምና የመሳሰሉት ግን በጨው ውስጥ ይቀራሉ። ጨው አገልግሎቱን ሲጨርስ ኃይለኛ ጨረር የሚረጭ ጥራጊ ሆኖ ይወጣል።

ታዲያ እንዲያው ቆፍሮ ቢቀብሩትስ? ለዚህ መልስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን በክረምት ጨውን ከምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጡበትን ምክንያት ማስታወስ ይበቃል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ውኃ ያገኘው እንደሆነ ይሟሟል፤ ከሟሟም በኋላ ውኃው የሄደበት ሁሉ ይሄዳል።

ውኃ ተሸክሞ የሚያመጣው ነገር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እኛ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ከሌላው ይልቅ እናውቃለን። ከመካከላችን አንዱ ያደገው ቆላ ወርዶ፣ የጥልቅ ጕድጓድ ውኃ እየጠጣ ነው። ሲስቅ እስከ ዛሬ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ጥርሱን ያበለዘው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሟሙቶ የመጣ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቋችን ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጕድጓድ ብዙ ነው። ፍሎራይዱን በከብት አጥንት ከሰል ማጥለል ይቻላል። ነገር ግን ከሰሉ ጠግቦ ሲወጣ የት ይጣላል? መርዙን መያዝ የሥራው ግማሽ ነው፤ የያዙትን እንዳያመልጥ አድርጎ ማኖር ሌላው ግማሽ ነው።

ሌላውን የአቶም ጥራጊ ከመስታወት ጋር አቅልጦ ማሰር የተለመደ ነው። መስታወት ግን ክሎሪን ያለበትን ጨው ከጥቂት በላይ አይቀበልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወደ ድንጋይ ዞሩ። ዚዮላይት የሚባል፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባዶ ክፍል የሞላበት ማዕድን አለ። ይህን በሙቀት አድርቀው ከተፈጨው ጨው ጋር በ500 ዲግሪ ሲያምሱት ጨው ወደ ክፍሎቹ ይገባል። ከዚያ የመስታወት ዱቄት ጨምረው ከ900 ዲግሪ በላይ ሲያግሉት፣ ዚዮላይቱ ሶዳላይት ወደሚባል ድንጋይ ይለወጣል፤ መስታወቱም አያይዞ ይይዘዋል። ሶዳላይት በተፈጥሮው ክሎሪንን በውስጡ ይዞ የሚኖር ድንጋይ ነው። ውኃ ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጨው በደቂቃ የሚሟሟውን ያህል ይህ በብዙ ዘመን እንኳ አይሟሟም።

ዘመኑም ያስፈልጋል። ሲዝየም-137 በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንድ ሺሕኛው ብቻ እስኪቀር 300 ዓመት ይፈጃል። ከዛሬ 300 ዓመት በፊት በጎንደር የነገሡት አፄ በካፋ ነበሩ። አዮዲን-129 ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈልጋል። ይህን ጥበብ ያወጡት አሜሪካኖች እንኳ ለእንዲህ ያለው ጥራጊ የመጨረሻ ማረፊያ የሚሆን ጥልቅ መቃብር እስከ ዛሬ አላዘጋጁም።

እኛ የአቶም ኃይል ይቅር አንልም፤ አገራችን መብራት ያስፈልጋታል። የምንለው ግን፣ ስለ አምፑሉ የምንጠይቀውን ያህል ስለ አመዱም እንጠይቅ ነው። ከመካከላችን ኬሚስትሪና ጂኦሎጂ የምንማር ሁሉ ይህ ጥያቄ የእኛ ነው፤ ምድጃው ከተለኰሰ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ይጠየቅ።

አበው፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። ይኸኛው ጨው ግን ድንጋይ ካልሆነ ጉዳችን ነው። ለገና ሁሩታ ስንገባ ለቡና አፍይዋ እናታችን የምንነግራቸው ይህንኑ ነው፤ አመዱ የት እንደሚደፋም ደግመው እንደሚጠይቁን አንጠራጠርም።