ዳህላክ፦ የግዞተኞቹ ደሴት



ምደባ በወጣ ሰሞን «ተጋዝን» ያላልን ስንቶቻችን ነን? ከቤተሰብም ከቂርኣት ቦታችንም ራቅን ብለን አልቅሰናል። ዘንድሮም ዊዝድሮው ሞልተው ሊሄዱ የተነሱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በጀመዓችን ስላሉ፣ እውነተኛ ግዞት ስላየች ደሴት ልናወጋችሁ ወደድን።

ዳህላክ ከቢር በቀይ ባሕር ላይ፣ ከምጽዋ ፊት ለፊት ያለች የኤርትራ ደሴት ናት። መሬቷ ጥንት ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። ወንዝ የላትም፣ ዝናቧም ጥቂት ነው። ሚዳቋዎቿ እንኳ በየብስ ካሉት ዘመዶቻቸው በአካል ያነሱ ናቸው። ባሕሩ ግን ሀብታም ነው፤ ሉሉ፣ ኤሊው፣ የባሕር ሣር የሚግጠው ዱጎንግ ሳይቀር። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነንና መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው በውሃ ጉድጓዶቿ ላይ ነው። ነዋሪዎቹ ኮራሉን እየፈለፈሉ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሠርተዋል። የአገሬው ሰው 365 ናቸው፣ ለየቀኑ አንድ ይላል። (ቁጥሩ ለወሬ እንዲያምር የተስተካከለ ይመስለናል።)

ኡመውያዎች እ.ኤ.አ. በ702 ከያዟት በኋላ ያስቀየማቸውን ሰው ይልኩባት ጀመር። ከተላኩት አንዱ የመዲናው ገጣሚ አል-አሕወስ ነው። አንሷሮች ይመለስልን ብለው ቢለምኑም ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) አልፈቀዱም፤ የመለሰው ከእርሳቸው በኋላ ኸሊፋ የሆነው የዚድ ኢብን ዐብዱልመሊክ ነው። ይኸው የዚድ ግን ታቢዒዩን ዒራክ ኢብን ማሊክን ወደዚያው አጋዘ። ዒራክ ሐዲሳቸው በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ዓሊም ናቸው። ጥፋታቸው ምን ነበር? የመርዋን ቤተሰብ ያለ አግባብ የያዘውን የሕዝብ ሀብት እንዲመልስ በዑመር ዘመን አጥብቀው መሟገታቸው።

ጸሐፊዎች እንደዘገቡት የዳህላክ ሰዎች ግጥምን ከአሕወስ፣ ፊቅህን ከዒራክ ተቀብለው ያስተላልፉ ነበር። በመድረሳ ስለ ኡመውያ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ቀይ ባሕር ተምረናል፤ ይህን ግን ከሁለቱም አልሰማንም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት በኩፊክ ጽሕፈት የተቀረጹ ከ200 በላይ የመቃብር ድንጋዮች በደሴቲቱ ተገኝተዋል፤ የወንዶችም የሴቶችም ስም አለባቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በካይሮና በአውሮፓ ሙዚየሞች ናቸው።

ፎርሙን የሞላችሁ እህት ወንድሞች፣ ከማስገባታችሁ በፊት ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ደርሱ ላይ እንጠብቃችኋለን። ሻይ አለ።