የጠባቂው ልጅ

በሰው ሀገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ አንድ ጭንቀት አያጣውም፤ ሥራ ሲገባ ልጁን የት ይተወዋል? ለሞግዚት ልክፈል ቢል ደመወዙ አይበቃም። አያት አጠገብ የለችም፤ ጎረቤትም ከሰላምታ አያልፍም። በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ የቤት ሥራውን እየሠራ፣ በምግብ ቤት ጓዳ የጤፍ ከረጢት ተደግፎ እንቅልፍ እየወሰደው ያደገ የአበሻ ልጅ ስንቱ ነው! ከሴራሊዮን የመጡትን የአቶ ኮንስታንት ቲያፎን ታሪክ አንባቢ እንግዳ የማይለው ለዚህ ነው።

አቶ ኮንስታንት አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የልጆቻቸው እናት ወይዘሮ አልፊና ካማራ ደግሞ ሀገራቸውን ያመሰውን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው በ1996 መጡ። በጥር 1998 ሜሪላንድ ውስጥ ፍራንሲስና ፍራንክሊን የተባሉ መንታ ወንዶች ልጆች ተወለዱላቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው በኮሌጅ ፓርክ፣ ለታዳጊዎች የሚሆን የሜዳ ቴኒስ ማሠልጠኛ ሲገነባ አባትየው በቀን ሠራተኛነት ገቡ። ሕንጻው ሲያልቅ በጽዳትና በጥበቃ ሥራ እዚያው ቀሩ፤ ትርፍ የነበረች አንዲት ቢሮም ለማደሪያ ተሰጠቻቸው። እናትየው ሌሊት የሚሠሩ ነርስ ስለነበሩ መንትዮቹ በሳምንት አምስቱን ቀን ከአባታቸው ጋር በዚያች ቢሮ ያድሩ ነበር። ይህ ኑሮ 11 ዓመት ቆየ።

የማሠልጠኛው ክፍያ የጽዳት ሠራተኛ ኪስ የሚደፍረው አልነበረም። የሠራተኛ ልጆች በመሆናቸው ግን ሁለቱም እንደ ሌሎቹ ሳይከፍሉ እንዲማሩ ተፈቀደላቸው። የቤተሰቡም ሐሳብ ዋንጫ አልነበረም። ልጆቹ በቴኒስ ሰበብ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኮሌጅ ቢገቡ ይበቃ ነበር። ይህንንም ሐሳብ የማያውቀው የአበሻ ቤት የለም።

ፍራንሲስ ኮሌጁን ትቶ በ2015 ባለሙያ ተጫዋች ሆነ። በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ ኒው ዮርክ የሚጀመረውን ዩ ኤስ ኦፕን ለማያውቅ፣ በወንዶች ነጠላ የሚሰለፉት 128 ናቸው። የተረታ ወዲያው ሻንጣውን ይይዛል፤ ዋንጫውን ለመውሰድ ሰባት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ ያስፈልጋል። እያንዳንዱም ግጥሚያ እስከ አምስት ዙር ይሄዳል፤ ሦስቱን ቀድሞ የያዘ ያልፋል። እግር ኳስ የለመደ ሰው ይህ ጨዋታ ሰዓት እንደሌለው ሲያውቅ ይገርመዋል። ማንም ፊሽካ ነፍቶ አይገላግልም፤ ተቀይሮ የሚገባ ጓደኛም የለም።

በ2022 ፍራንሲስ ሦስቱን ተጋጣሚዎች አልፎ በአራተኛው ከራፋኤል ናዳል ጋር ተገናኘ። ናዳል በዚያ ዓመት በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች በሜዳ ላይ ተረትቶ አያውቅም ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 5፣ አሜሪካኖች የሠራተኛ በዓል የሚሉት ሰኞ ነበር (በዓሉን ሥራ ላይ ሆኖ የሚያሳልፈው ሠራተኛ ብዙ መሆኑን አንባቢ ያውቃል)። ፍራንሲስ ናዳልን ሦስት ለአንድ ረታ። እናትና አባትም ከመቀመጫቸው ሆነው ይህን አዩ። ቀጥሎ ሩሲያዊውን አንድሬ ሩብሌቭን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ገባ።

ከእሱ በፊት እዚህ ደረጃ የደረሰው የመጨረሻው ጥቁር አሜሪካዊ ወንድ አርተር አሽ ነበር፤ ያም በ1972፣ ልክ ከ50 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ፍራንሲስ የተጫወተበት፣ ከ23 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው ስታዲየም የተሰየመውም በአሽ ስም ነው። አሽ በ1968 የመጀመሪያውን ዩ ኤስ ኦፕን ሲያሸንፍ የጦር ሠራዊት መኮንን ነበር። በደንቡ አማተር ተብሎ ስለተመዘገበ የደረሰው የቀን 20 ዶላር አበል ብቻ ነው፤ በፍጻሜው የረታው የሆላንዱ ቶም ኦከር ግን 14 ሺህ ዶላሩን ተቀበለ። ሥራው የአንዱ፣ ቼኩ የሌላው!

ከገንዘቡ ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላ ነው። የአሽ አባት ቨርጂኒያ ውስጥ በሪችመንድ ከተማ ለጥቁሮች ብቻ የተመደበ መናፈሻ ጠባቂ ነበሩ። ቤተሰቡም እዚያው መናፈሻ ውስጥ በጠባቂው ቤት ይኖር ነበር፤ የቴኒስ ሜዳዎቹም ከደጃፉ ነበሩ። የነጮቹ ሜዳ በዘር ሕግ ዝግ ነው። እናቱ በስድስት ዓመቱ የሞቱበት ልጅ ራኬት የያዘው አባቱ በሚጠብቁት ግቢ ነው። እንግዲህ በ50 ዓመት ልዩነት ለዚያ ግማሽ ፍጻሜ የበቁት ሁለቱም የጠባቂ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ግቢ ጠባቂ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ታሪኩን ሰምቶ በማግሥቱ ለልጁ ራኬት የሚገዛ ወላጅ አይጠፋም። ፍራንክሊን ግን እንዳይረሳ። በዚያችው ቢሮ አደረ፣ በዚያው ሜዳ ተማረ፣ አባቱም አንድ ናቸው፤ ሆኖም እንደ ወንድሙ የዓለም ተጫዋች አልሆነም። አባትየው ግን ሁለቱንም እኩል ይዘዋቸው ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ዓርብ ማታ ሴፕቴምበር 9 ቀን ተደረገ። ተጋጣሚው የ19 ዓመቱ ስፔናዊ ካርሎስ አልካራዝ ነው። ፍራንሲስ የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ፤ ሁለቱን ተነጠቀ፤ በአራተኛው ከሞት አፋፍ ተመልሶ እኩል ሆነ። አምስተኛውን 6 ለ3 ተረታ። ጨዋታው ከአራት ሰዓት በላይ ፈጅቷል። አልካራዝ በሁለት ቀኑ ዋንጫውን አነሣ።

ፍራንሲስ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ድርሻ 705 ሺህ ዶላር ነበር። ማይክሮፎን ሲሰጠው ስለ ገንዘቡ አላነሣም። እንባ እየተናነቀው አሳፈርኳችሁ ብሎ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ፤ አንድ ቀን ተመልሼ አሸንፋለሁም አለ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት።